የቆራሌው ልጆች፦ የአሮጌ ዕቃ፣ የስደተኛና የኀፍረት ታሪክ

ስደት አገር ገብቶ የመጀመሪያ ቤቱን በሌላ ሰው ዕቃ ያላሟላ ወገን ጥቂት ነው። አልጋው ከአንዱ፣ ጠረጴዛው ከሌላው፣ ካፖርቱ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ፣ ድስቱ ደግሞ ቀድሞ ከመጣ የአገር ልጅ ይገኛል። ነገሩ ይህን ያህል የተለመደ ሆኖ ሳለ በግልጽ ሲወራ ግን እምብዛም አይሰማም። እንግዳ መጥቶ «ሶፋው ያምራል፣ ከየት ገዛችሁት?» ሲል ባልና ሚስት ተያይተው ወሬውን ወደ ሌላ ይለውጡታል። ወደ አገር ቤት በሚላከው ፎቶግራፍ ላይም ሶፋው ይታያል እንጂ ከየት እንደመጣ አይነገርም።

ለመሆኑ ይህ ኀፍረት ከየት መጣ? አሮጌ ዕቃን አንስቶ፣ ጠግኖ፣ አጥቦ መልሶ መጠቀም እውነት አሳፋሪ ነገር ነውን? ታሪክን ዞር ብሎ ለተመለከተ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። የሰው ልጅ አሮጌ ዕቃን ንቆ አያውቅም። የናቀው ዕቃውን የሚሰበስበውን ሰው ነው። ያው ሥራ በድሃና በስደተኛ እጅ ሲሠራ ውርደት ይባላል። በመንግሥት ትእዛዝ ሲሠራ አርበኝነት፣ በሀብታም ሲሠራ ደግሞ ዘመናዊነት ይባላል። ይህን ለመረዳት ከአገር ቤት ተነስተን ወደምንኖርባቸው አገሮች እንሻገር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠገራ ብር እስከ ምናለሽ ተራ

በአገራችን የተሰበረ ይጠገናል፣ የተቀደደ ይጣፋል፣ የትልቁ ልጅ ልብስ ለታናሹ ይወርዳል። ይህ ከድህነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የሙያም ታሪክ አለው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና 1780 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ጠገራ ብር ወደ አገራችን የገባው ለመገበያያ ነበር። ነገር ግን ከገበያ ወጥቶ ወደ አንጥረኛው እሳት የገባው ብዙ ነው። ዛሬ በየሙዚየሙና በየቤተሰቡ ሣጥን ከምናየው የብር መስቀል፣ የአንገት ጌጥና የእግር አልቦ ውስጥ ብዙው ከዚያ ከቀለጠ ብር የተሠራ ነው። የፈረንጅ ገንዘብ የሐበሻ መስቀል ሆነ ማለት ነው።

ብረቱም እንዲሁ ነው። ያረጀ የጭነት መኪና ባሊስትራ በቀጥቃጩ እጅ ማረሻ ወይም ቢላዋ ይሆናል። ያለቀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆኖ ስንቱን መንገደኛ ከእሾህ አድኗል። ባዶ ቆርቆሮ ኩራዝ ሆኖ የስንቱን ተማሪ ሌሊት አብርቷል። ጣሳ የመጣበት ዕቃ ካለቀ በኋላ የእህል መስፈሪያ ነው። ማዳበሪያ የመጣበት ከረጢት ደግሞ ማዳበሪያው ማሳ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ስሙን ይዞ ቀርቷል፤ ዛሬ ጤፍም ይያዝበት ከሰል፣ ከረጢቱ «ማዳበሪያ» ነው። በኋላ ዘመን «ሃይላንድ» የሚባል የታሸገ ውሃ በመጣ ጊዜም ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የየትኛውም ኩባንያ ይሁን፣ «ሃይላንድ» ተብሎ የዘይትና የጋዝ መያዣ ሆነ። ዕቃውን ሁለት ጊዜ እንደምንጠቀምበት ሁሉ ስሙንም ሁለት ጊዜ እንጠቀምበታለን።

በአዲስ አበባ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሰንሰለት አለው። መጀመሪያ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በየሰፈሩ የሚጣራው ቆራሌ ይመጣል። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ጫማና የተበላሸ ራዲዮ በሳንቲም ይገዛል። ከእሱ ጎን «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚሉት አሉ። እነዚህ ገንዘብ አይከፍሉም፤ አሮጌ ልብስ ወስደው ሳፋ፣ ጆግ ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። በእናቶቻችን ጓዳ ካለው ዕቃ ስንቱ ባረጀ ሱሪና ኮት የተለወጠ እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

የተሰበሰበው ሁሉ መጨረሻው መርካቶ ነው። መርካቶ በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣሊያ ወራሪ ጦር ነጩንና ጥቁሩን በገበያ ሳይቀር ለመለየት ሲል «የአገሬው ገበያ» ብሎ የከለለው ቦታ ነበር። ያ ለመናቅ የተከለለ ገበያ ኋላ በአፍሪካ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ሆነ። በውስጡም ምናለሽ ተራ የሚባለው አለ፤ ስሙ ራሱ «ምን አለሽ?» የሚል የገዢ ጥያቄ ነው። በምናለሽ ተራ በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ የጎበጠ ሚስማር በመዶሻ ይቀናል፣ ከወደቀ ማሽን የወጣ ጥርስ ሌላ ማሽን ያስነሳል። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲጮኽ የሚውልበት ይህ ተራ ያለ ምሥክር ወረቀት የሚያስተምር የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና ሙያተኛውን ምን ብለን ነበር የምንጠራው? ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ደግሞ ቡዳ ይባሉ ነበር። ማረሻው ይፈለጋል፣ ሠሪው ግን ከማዕድ ይገለላል። ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑን የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ንጉሠ ነገሥቱ ያሉት ባጭሩ፣ ባለሙያን በሥራው መስደብ ሙያን ማጥፋት ነው፣ አገርም ያለ ሙያ ባዶ ናት የሚል ነው። ተሳዳቢውም በእስራት እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። እንዲህ ያለ አዋጅ ማስፈለጉ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

ጨርቅ ወረቀት በነበረበት ዘመን

ይህ ንቀት የእኛ ብቻ ሕመም እንዳይመስለን። አሁን «ሥልጡን» ወደምንላቸው አገሮች እንለፍ።

በዛሬዋ ዩናይትድ ስቴትስ ምድር የመጀመሪያው የወረቀት ፋብሪካ የተቋቋመው በ1690 በፊላደልፊያ አጠገብ ነው። መሥራቹ ዊልያም ሪተንሃውስ በጀርመን ተወልዶ በሆላንድ በኩል የመጣ ስደተኛ ነበር። ፋብሪካው ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት አልነበረም፤ ካረጀ የተልባ እግር ጨርቅ ነበር። ያኔ በአውሮፓም በአሜሪካም ወረቀት ማለት ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ ተወቅጦ ልሞ የደረቀ አሮጌ ጨርቅ ነው። እንግዲህ ያ ዘመን ያነበበው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጋዜጣና የነፃነት ጽሑፍ ሁሉ ትናንት የአንድ ድሃ ሸሚዝ ወይም የአንድ ሆስፒታል አንሶላ ነበር ማለት ይቻላል። አሳታሚዎች ጨርቅ ሲያጥራቸው «አሮጌ ጨርቅ በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚል ማስታወቂያ በገዛ ጋዜጣቸው ያወጡ ነበር።

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ኬለር በ1844 እንጨት ፈጭቶ ወረቀት የሚሠራበትን ዘዴ ካገኘ በኋላ ነው ጨርቁ ቀስ በቀስ ከገበያ የወጣው። ዱካው ግን ዛሬም ኪሳችን ውስጥ አለ። የአሜሪካ ዶላር 75 በመቶ ጥጥ፣ 25 በመቶ የተልባ እግር ነው። ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ በማጠቢያ ማሽን ሲታጠብ የማይበጣጠሰው ለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገርም በ1813 ቤንጃሚን ሎ የተባለ ሰው በዮርክሺር፣ ባትሊ በምትባል ከተማ፣ አሮጌ የሱፍ ጨርቅ ፈትቶ ከአዲስ ሱፍ ጋር እየቀላቀለ እንደገና የሚፈተልበትን መንገድ ጀመረ። ያ አካባቢ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከየአገሩ በሚመጣ አሮጌ ጨርቅ ኖረ። በዚህ የተሠራው ልብስ ድሃውንም ወታደሩንም አለበሰ።

ጨርቁን፣ አጥንቱንና ብረቱን ከየቤቱ ደጃፍ የሚለቅመው ግን በየትኛውም አገር የመጨረሻው ድሃ ነበር። የፓሪስ ጨርቅ ለቃሚዎች ሌሊት ፋኖስና ዘንቢል ይዘው የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። በ1883 ማብቂያ ላይ የፓሪስ አስተዳዳሪ ዩጂን ፑቤል እያንዳንዱ ባለ ቤት ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ እንዲያኖር አዘዘ። ትእዛዙ አንዱ ለሚበሰብስ፣ ሌላው ለወረቀትና ለጨርቅ፣ ሦስተኛው ለሸክላና ለብርጭቆ የሚሆን መያዣን ሁሉ የሚያካትት ነበር። ዛሬ ከተሞች እንደ አዲስ ግኝት የሚያስተምሩት ቆሻሻን በየዓይነቱ መለየት ያኔ በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ጨርቅ ለቃሚዎቹ እንጀራችን ተዘጋ ብለው ጮኹ። ፈረንሳዮች የቆሻሻ መጣያን እስከ ዛሬ «ፑቤል» የሚሉት በዚያ ሰው ስም ነው። ባለሥልጣኑ ስሙ ሲቀር፣ ያን ሁሉ ዘመን ከተማይቱን ያጸዱት ለቃሚዎች ግን ያለ ስም ቀሩ።

የስደተኛ ሙያ

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ፣ ከኢጣሊያ የመጡ ገበሬዎችና ሌሎችም ስደተኞች በአሮጌ ብረትና በአሮጌ ጨርቅ ንግድ በብዛት ተሰማሩ። ምክንያቱ ለእኛ ለማንም አይሰወርም። ቋንቋ አይጠይቅም፣ ዲፕሎማ አይጠይቅም፣ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፣ የሚቀጥር አለቃም አያስፈልገውም። የእጅ ጋሪ፣ ብርቱ እግርና ጠንካራ ድምፅ ይበቃል። አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ያ ስደተኛ ለአሜሪካ ብረት ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ነበር፤ በጎረቤቱ ዓይን ግን ቆሻሻ ለቃሚ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ከሩሲያ ግዛት መጥቶ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ አምስተርዳም በምትባል አነስተኛ ከተማ በፈረስ ጋሪ ጨርቅና ብረት እየሰበሰበ ሰባት ልጆች ያሳደገ አይሁዳዊ ነው። በ1916 የተወለደው ብቸኛ ወንድ ልጁ ኋላ ስሙን ለውጦ ኪርክ ዳግላስ ተባለ። የእኛም ትውልድ በ«ስፓርታከስ» ፊልም የሚያውቀው ታላቅ ተዋናይ ነው። ይህ ሰው በ1988 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ስለ ዝናው፣ ስለ ሀብቱ ወይም ስለ ሆሊውድ የሚናገር ርዕስ መምረጥ ይችል ነበር። የመረጠው ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የቆራሌው ልጅ» ማለት ነው። ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ከተባለው የፊልም ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሉዊስ ሜየርም በልጅነቱ በካናዳ ከአባቱ ጋር አሮጌ ብረት ይሰበስብ ነበር። ዓለምን ሲያስደንቅ የኖረው ሆሊውድ ከመሠረቱ ድንጋዮች ጥቂቶቹ ከቆራሌ ቤት የመጡ ናቸው።

ዛሬ በየከተማው የምናያቸው አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቆችም ታሪካቸው ከዚሁ ዘመን ይነሳል። በለንደን ድሃ ሰፈር በ1865 ሥራውን የጀመረው ዊልያም ቡዝ፣ የሳልቬሽን አርሚ መሥራች፣ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራ አጦች በየቤቱ እየዞሩ የማይፈለግ ዕቃ የሚሰበስቡበት ቡድን እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ለቡድኑ የሰጠው ስም ውስጥ «ሳልቬጅ» የሚል ቃል አለ፤ ከጥፋት ማዳን ማለት ነው። በአገራችን ልባሽ ልብስን «ሳልቫጅ» የምንለው ከዚሁ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አፋችን እንደ ስድብ የሚያወጣው ቃል ትርጉሙ «የዳነ» መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1902 ደግሞ በቦስተን ከተማ፣ ስደተኞች ተፋፍገው በሚኖሩበት ሳውዝ ኤንድ በተባለው ሰፈር፣ ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ አንድ ሥራ ጀመረ። ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ሄዶ አሮጌ ልብስና የቤት ዕቃ ይለምናል። የሚሰበስብበት ደግሞ ቼዝ ኤንድ ሳንቦርን ከሚባለው የቡና ኩባንያ ያገኘው የቡና ጆንያ ነበር። ሄልምስ ግን የሰበሰበውን እንዲያው አላደለም። ሥራ ያጡትን የሰፈሩን ሰዎች ቀጥሮ ልብሱን እንዲሰፉ፣ ጫማውን እንዲጠግኑ፣ ወንበሩን እንዲያድሱ አደረገ። የታደሰው ዕቃ በርካሽ ይሸጣል፣ ገንዘቡም የሠራተኞቹ ደመወዝ ይሆናል። መፈክሩ «ምጽዋት ሳይሆን ዕድል» የሚል ነበር። ድርጅቱ ኋላ ጉድዊል ተባለ። እንግዲህ ከእኛ መካከል ዛሬ ወደ ጉድዊል ሲገባ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ዙሪያውን የሚቃኝ ካለ፣ ያ ሱቅ ከመነሻው ለስደተኛ ክብር ተብሎ የተከፈተ መሆኑን ይወቅ።

መንግሥት ራሱ ቆራሌ ሲሆን

አሁን ደግሞ ያው ሥራ በአንድ ሌሊት ክቡር ሲሆን እንመልከት። በሐምሌ 1940 የእንግሊዝ መንግሥት እመቤቶች የአሉሚኒየም ድስትና መጥበሻቸውን ለጦር አውሮፕላን ሥራ እንዲሰጡ ጠየቀ። ሀብታሙም ድሃውም ድስቱን ተሸክሞ ተሰለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ልብስ በኩፖን ሆነ። በ1943 ደግሞ መንግሥት ራሱ ካልሲ እንዴት እንደሚጣፍ፣ ካፖርት ተገልብጦ እንዴት እንደሚሰፋ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞ አከፋፈለ።

በአሜሪካም ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ እርሻዎች ስትይዝ አገሪቱ የጎማ ችግር ላይ ወደቀች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሰኔ 1942 በራዲዮ ቀርበው ሕዝቡ ያለውን አሮጌ ጎማ ሁሉ ወደ ቤንዚን ማደያ እንዲያመጣ ለመኑ። ለአንድ ፓውንድ አንድ ሳንቲም ይከፈል ነበር። አሮጌ የመኪና ጎማ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ቦቲ ጫማ፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ሳይቀር መጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 450,000 ቶን ያህል ተሰበሰበ። ልጆች በየሰፈሩ ጋሪ እየገፉ ቆርቆሮ ሲለቅሙ ጋዜጦች ፎቶግራፋቸውን አትመው አመሰገኗቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንኑ ጋሪ ሲገፋ የነበረው ስደተኛ ግን በድንጋይ የሚያባርሩት ሰው ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ፋብሪካዎቹ ብዙ ማምረት ቻሉ፤ የተመረተው እንዲሸጥ ደግሞ ሰው ያለውን መጣል ነበረበት። ላይፍ የተባለው ታዋቂ መጽሔት በነሐሴ 1955 አንድ ቤተሰብ ሳህኑንም፣ ኩባያውንም፣ መጋረጃውንም ወደ ላይ ሲበትን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። መልእክቱ የዘመኑ ኑሮ ተጠቅሞ መጣል ነው፣ ዕቃ ማጠብ ቀረ የሚል ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የዚህ ኑሮ ቆሻሻ ራሱን አገሩን አስጨነቀው። በሚያዝያ 1970 የመጀመሪያው የምድር ቀን ተከበረ። በዚያው ዓመት ጌሪ አንደርሰን የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ ዛሬ በየጠርሙሱና በየካርቶኑ ላይ የምናየውን ሦስት ቀስቶች የሚዞሩበት ምልክት ለውድድር ሣለ። በ1971 የኦሬገን ክፍለ ሀገር ባዶ ጠርሙስና ጣሳ ለሚመልስ ሰው መያዣው እንዲመለስለት ሕግ አወጣ። ጠርሙስ መልሶ ሳንቲም መቀበልን የእኛ ሱቅ በደረቴና የጠላ ቤት እመቤት ሳይማሩ ያውቁት ነበር።

እጁ ሲናቅ

ንቀቱ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታግሶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ከእኛ ስደተኞች ብዙዎች ያለፉባትን ካይሮን እንውሰድ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከላይኛው ግብጽ የተሰደዱ ድሆች፣ አብዛኞቹ የቅብጥ ክርስቲያኖች፣ የከተማይቱን ቆሻሻ በአህያ ጋሪ ከየቤቱ እየሰበሰቡ በሙቀጠም ተራራ ሥር ሰፈሩ። ዘባሊን ይባላሉ። ፕላስቲኩን፣ ወረቀቱን፣ ጨርቁንና ቆርቆሮውን ለይተው ይሸጣሉ፤ የምግቡን ትርፍ ለአሳማዎቻቸው ይሰጡ ነበር። ከሚሰበስቡት 80 በመቶ ያህሉን መልሰው ለጥቅም እንደሚያውሉ ይገመታል። ይህን የሚያህል ውጤት ያላቸው የሀብታም አገር ከተሞች ጥቂት ናቸው። በተራራው ውስጥ ያለው ትልቁ የዋሻ ቤተ ክርስቲያናቸው በእኛም ዘንድ ታሪኩ በሚታወቀው በቅዱስ ስምዖን ጫማ ሰፊው ስም የተሰየመ ነው።

መንግሥት ግን በ2003 ሥራውን ለውጭ ኩባንያዎች ሰጠ። በ2009 ደግሞ የአሳማ ጉንፋን ወሬ ሲነሳ ወደ 300,000 የሚጠጉ አሳማዎቻቸውን አሳረደ። ያን የምግብ ትርፍ የሚበላው በመጥፋቱ የካይሮ ጎዳናዎች በሚበሰብስ ቆሻሻ ተሞሉ። የተናቀው እጅ ምን ይሠራ እንደነበር ከተማይቱ ያወቀችው እጁ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የእኛው ቁስል ደግሞ ቆሼ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረው የረጲ ክምር በአጠገቡ ጎጆ ቀልሰው ለሚኖሩትና ከውስጡ እየለቀሙ ለሚያድሩት ወገኖች መኖሪያም መተዳደሪያም ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነዚያ ሰዎች የሞቱት ከተማይቱ የጣለችው ነገር ላይ ብቻ አይደለም። ከተማይቱ እነሱንም አብራ ጥላቸው ስለነበር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የለቃሚው ሥራ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ጓንት፣ ደህና ቦታና ሕጋዊ መብት ቢሰጠው ኖሮ፣ ከክምሩ በታች የሚያድር ሰው ባነሰ ነበር።

ስጦታና ጥራጊ

እስካሁን ያልነው ሁሉ አሮጌ ዕቃ ለመቀበል የሚያፍረውን ወገን የሚያበረታታ ነው። ሰጪውንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። አሮጌ ዕቃ የሚናቀውን ያህል፣ መስጠትም አንዳንድ ጊዜ የመናቅ መንገድ ይሆናል።

በጋና ከአውሮፓና ከአሜሪካ በቦንዳ የሚመጣው ልባሽ ልብስ «የሞተ ነጭ ልብስ» የሚል ስም አለው። አገሬው ሰው አንድ ሰው በሕይወት እያለ ይህን ያህል ልብስ ይሰጣል ብሎ ማመን ስላቃተው ነው። ከቦንዳው ውስጥ ደህናው ይለበሳል፤ የማይረባው ግን በአክራ የባሕር ዳርቻ ይከመራል። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን ንግድ ለመቀነስ በ2016 ሲነሱ፣ ሩዋንዳ በያዘችው አቋም በመጽናቷ አሜሪካ በ2018 ለሩዋንዳ ልብስ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ገበያ አገደችባት። በአገራችንም የልባሽ ጨርቅ ንግድ ለብዙ ዓመታት ሲከለከል ኖሯል፤ ምክንያቱም የሸማኔውንና የልብስ ሰፊውን እንጀራ ይነካል። የማይሠራ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር በ«ዕርዳታ» ስም የሚላክበትም ጊዜ አለ። አደገኛ ቆሻሻን ከአገር ወደ አገር ማሻገርን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት በ1989 የተፈረመው የሀብታም አገር መርዝ በድሃ አገር ደጃፍ ሲራገፍ በመገኘቱ ነበር።

ስለዚህ በእኛ በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህን ነገር በሥርዓት ብናደርገው መልካም ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ አዲስ ለሚመጡ ወገኖች የሚሆን ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ቢኖር ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የሚሰጠው ዕቃ ግን ሰጪው ራሱ ዛሬ ማታ ሊጠቀምበት የሚችለው ይሁን። ልብሱ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው ተሞክሮ ይምጣ። የማይታረቁ ዕቃዎችም አሉ። የሕፃን የመኪና ወንበር የማብቂያ ቀን አለው፤ አደጋ ያየ ከሆነም ለሌላ ልጅ አይሰጥም። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋ በአሜሪካ ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ የታገደው ሕፃናት ስለሞቱበት ነው። ፍራሽና የጨርቅ ሶፋም ቤት ከመግባቱ በፊት ስፌቱ ሳይቀር ለትኋን ይፈተሽ።

ሌላው ደግሞ ሙያው ነው። በመካከላችን ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ራዲዮ ጠጋኝና መካኒክ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ታክሲ ይነዳሉ፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ከእነሱ ጥቂቶቹ መሣሪያቸውን ይዘው በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡ፣ የሰው ዕቃ ይጠገናል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም አባታቸው ከመሪ ሌላ የሚይዘው መሣሪያ እንዳለው ያያሉ። ሄልምስ በ1902 ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በዚህ ወር ወደ ከተማችሁ አዲስ ወገን ከመጣ እንግዲህ ጋራዣችሁን ክፈቱ። ከየት እንዳገኛችሁትም ሳትደብቁ ንገሩት። የምትሰጡትን ግን አስቀድማችሁ እጠቡት።